ተኝቼ ኦሳካ ደረስኩ

ለቤቴ አባወራ፣ ለይበልጣል፣ ለይቤዬ፤

ካንተ ከተለያየን ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሞላን። እስከ ዛሬ ሳልጽፍልህ የቆየሁት ወሬ አጥቼ አይደለም። ብጽፍ የምጽፈው ሁሉ ለቅሶ ይሆንብኛል ብዬ ፈርቼ ነው፤ አንተ ደግሞ ለቅሶ አትወድም። ሐዘን ቤት ሄደህ እንኳ ከቀብር መልስ ሰውን የምታስቀው አንተ ነበርክ። ስለዚህ የምሥራች እስካገኝ ጠበቅሁ። አሁን አግኝቻለሁ። ደብዳቤው እዚህም እዚያም ቢቆራረጥብህ ጥቂት እየተቀመጥኩ፣ ጥቂት እየተነሳሁ፣ ጥቂትም ጋደም እያልኩ ስለምጽፈው ነው። ለምን እንደሆነ እነግርሃለሁ።

አስቀድሜ የቤቱን። መቐለ ሓድነት ሰፈር ያለው ቤታችን ደህና ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያፈሰው የሳሎኑ ጥግ ቆርቆሮው ተቀየረለት። ጓሮ የተከልካት ዘይቱና ዘንድሮ ቅርንጫፏ እስኪጎብጥ አፈራች፤ የጎረቤት ልጆች ገና ሳይበስል አራገፏት፤ አልተቆጣሁም። የኋላዋን ክፍል ዓዲ ሓቂ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ለምታስተምር ከሐዋሳ ለመጣች መምህርት አከራየሁ። ምሕረት ትባላለች። አንተ ከሄድክ ወዲህ በዚህ ቤት በአማርኛ የማወራው ሰው ጠፍቶ ነበር፤ አሁን እሷ አለችልኝ። እሷም እንዳንተ «ዓዲ ሓቂ» ስል ፊደሉ ከጉሮሮዬ ሲወጣ ትስቃለች። የደብረ ማርቆስና የሐዋሳ ሰው በዚህ ሳይስማማ አልቀረም።

ልጃችን ደግሞ፣ አንተ ብሩክታዊት ብለህ ስም ያወጣህላት እኔ ብሩኽቲ የምላት፣ አንተ ካረፍክ ዓመት አልፎ ጥቂት እንደቆየ ጃፓን አገር ኦሳካ ከተማ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝታ ሄደች። ሕንፃ የመሬት መንቀጥቀጥን እንዴት እንደሚቋቋም ነው ያጠናችው። ታስታውሳለህ፣ ሕፃን ሆና ከክብሪት ቀፎ ፎቅ ሠርታ ጠረጴዛውን በእጇ ትነቀንቅ ነበር፤ አንተም «ይቺ ልጅ ወይ ትሠራለች ወይ ታፈርሳለች» ትል ነበር። ሠራች። ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ስልክ ደውላ ሁለተኛ ዲግሪዋን መጨረሷን፣ የምረቃው ቀንም መቆረጡን ነገረችኝ። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ኣደይ፣ ነይ አልልሽም፤ ወገብሽን አውቃለሁ» አለችኝ።

ወገብሽን ያለችው ነገር ይኸውልህ፤ ይህን አንተ አታውቅም። ሰባት ወር ሙሉ እግሮችህ አልታዘዝ ባሉህ ጊዜ ጧት ከአልጋ ወደ መስኮቱ ወንበር፣ ማታ ከመስኮቱ ወደ አልጋ የማነሳህ እኔ ነበርኩ። ስኳሩ ሥጋህን ጨርሶት ነበር እንጂ አጥንትህ ያው የጎጃም አጥንት ነው። አንድ ቀን ጧት ሳነሳህ ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማኝ። ፊቴን አይተህ ምን ሆንሽ አልከኝ፤ እግሬ ደንዝዞኝ ነው አልኩህ። ዋሸሁህ። በማግስቱም፣ በወሩም አነሳሁህ። አንተን ቀብረን ስንመለስ ነው ከሐኪም ቤት የሄድኩት፤ ዲስክ ነው ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ሰዓት በወንበር ከተቀመጥኩ እግሬ በእሳት ይለበለባል። ማስተማሩንም ተውኩ። ይህን የምጽፍልህ እንድታዝን ብዬ አይደለም። ሌላ ወገብ ቢኖረኝ ደግሜ አነሳህ ነበር።

ብሩኽቲ ከደወለች በኋላ ወደ ሐኪሙ ሄጄ ጃፓን ልሄድ ነው አልኩት። ሣቀ። አሥራ አምስት ሰዓት ያህል በአውሮፕላን ወንበር ታጥፎ መቀመጥ ለኔ የማይሞከር መሆኑን ካስረዳኝ በኋላ፣ ወረቀቱን እየጻፈ፣ «አልጋሽን ይዘሽ ካልበረርሽ በቀር» ብሎ ቀለደ። እሱ ቀለደ፤ እኔ ግን ከዚያ ክሊኒክ የወጣሁት እንደ ጤነኛ ሰው እየፈጠንኩ ነው። ምክንያቱም አልጋ ይዞ መብረር እንደሚቻል አውቃለሁ። ያስተማርከኝ አንተ ነህ።

መንገዱ ሁሉ ተዘግቶ፣ ስልኩ ተቋርጦ፣ ከተማችን ላይ የመንገደኛ አውሮፕላን ድምፅ ጠፍቶ በነበረበት ጊዜ፣ አንተ በመስኮቱ ወንበር ላይ ሆነህ ከቀትር በኋላ «ለቱ፣ ዛሬ የት እንሂድ?» ትለኝ ነበር። ሃያ ዓመት ለሰው ትኬት ስትቆርጥ የኖርክ ሰው፣ ቢሮህ ተዘግቶ፣ መድኃኒትህ በፍለጋ እየተገኘ፣ ዓይንህን ጨፍነህ ጉዞ ታወጣ ነበር። እኔ ሆንግ ኮንግ እላለሁ። አንተ ከመቐለ ትነሳለህ። አዲስ አበባ ሁለት ቀን ታሳርፈኛለህ፤ ከትንሹ አውሮፕላን ወርዶ ወደ ትልቁ የሚሮጥ ሰው ሻንጣውንም ነፍሱንም ይረሳል ትላለህ። ከዚያ ባንኮክ፣ ከባንኮክ ወዲያ። ሁልጊዜ የምታሳፍረኝ ከመጋረጃው ወዲያ ማዶ፣ ከፊተኛው ክፍል ነው። አንድም ቀን ከኋላ አስቀምጠኸኝ አታውቅም። በሐሳብም ቢሆን ቢዝነስ ክላስ አይበዛብንም ወይ ብዬ ስቀልድብህ፣ «በሐሳብ ለመሄድማ ምን ቆርጦኝ ከኋላ አስቀምጥሻለሁ» ትል ነበር።

የፊተኛው ክፍል ወንበር ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ያኔ ነው የነገርከኝ። አንዳንዱ ተዘርግቶ ልክ እንደ አልጋ ቀጥ ይላል፤ አንዳንዱ ግን ዘመም ብሎ ይቀርና ሰውየው ሌሊቱን ሙሉ እንደ ሸርተቴ ወደ ታች ሲንሸራተት ያድራል። ስማቸው አንድ ነው። ስለዚህ የክፍሉን ስም ሳይሆን የአውሮፕላኑን ዓይነት ጠይቂ አልከኝ። እስያ ሩቅ ነው፣ ሩቅ አገር በአንድ ትንፋሽ አይደረስም፤ መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ቀን በእውነተኛ አልጋ ያደረ ሰው ሲደርስ ሰው ሆኖ ይደርሳል አልከኝ። መንገዱ ሁሉ በአንድ ትኬት ይሁን፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይጠየቅበታል አልከኝ። ከቁም ነገሩ ቀን በፊት ባዶ ቀን ተዪ አልከኝ፤ ይህን ደግሞ እየደጋገምክ። እኔ ያኔ ረኀቡንና ፍርሃቱን የምንረሳበት ጨዋታ ነበር የመሰለኝ። ሲንጋፖር ደርሰናል፣ ቶኪዮ ደርሰናል፣ ሴኡል ሁለት ጊዜ ሄደናል። የመጀመሪያው አውሮፕላን ወደ ከተማችን የተመለሰ ዕለት ድምፁን ሰምተህ፣ ቀና ብለህ፣ የት እንደሚያርፍ በጣትህ አሳየኸኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየህም።

ይኸው፣ ልሂድ ብዬ ቆረጥኩ። ቆርጬ ስጨርስ ግን ወንድሜ መጣ። ኣያ ገብረሂወትን ታውቀዋለህ፤ ቃሉ ከባድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎራ ብሎ ነገሩን ከሰው ሰምቶ ኖሮ፣ ሳይቀመጥ ጋቢውን እንዳጣፋ፣ «ስንቱ ጎኑን የሚያሳርፍበት ባጣበት ከተማ አንቺ በመጋረጃ ተከልለሽ ተኝተሽ ልትበሪ ነው?» አለኝ። ይቤ፣ ይህ ነገር ወጋኝ። የወጋኝ እሱ ስላለው አይደለም፤ እኔም ለራሴ ብዬው ስለነበረ ነው። አባቷን ያጣችም፣ ልጇን የቀበረችም በሞላባት ከተማ የዚህ ዓይነት ጉዞ አፍ ሞልቶ አይነገርም። ሁለት ቀን ከቤት ሳልወጣ አሰብኩበት። በሦስተኛው ቀን እሱ ቤት ድረስ በእግሬ ሄድኩ፤ እያረፍኩ፣ በየግንቡ እየተደገፍኩ።

«ኣያ» አልኩት፣ «ለክብር አይደለም። ተቀምጬ መድረስ አልችልም፤ ተኝቼ ግን እችላለሁ። ልጅቷ አባት የላትም። እናት አላት።»

ውኃ አስመጣልኝና ጠጣሁ፤ ተሰናብቼው ወጣሁ። በማግስቱ ጧት በሩ ተንኳኳ፤ እሱ ነው። ለትኬቱ ብዬ መኪናህን ለመሸጥ ማሰቤን ሰምቶ፣ ሴት ብቻዋን ስትሸጥ ያታልሏታል ብሎ ገዢ ይዞ መጥቶ ነበር። እሱ ራሱ ተከራከረልኝ። እኔ እንደሆንኩ መኪናዋን መንዳት ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ሸራ ለብሳ ከቆመች ዓመት አልፏታል። አንተም እንደማትቀየመኝ አውቃለሁ። ሲወጣ ግንባሬን ስሞ «አምላኽ ይከተልኪ» አለኝ።

ቢሮህን የከፈትኩት ያን ዕለት ነው። አቧራውን ጠራርጌ፣ የምሕረትን ላፕቶፕ ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጬ፣ ከጎኑ ፍራሽ አነጠፍኩ። ግማሽ ሰዓት እሠራለሁ፣ ግማሽ ሰዓት እጋደማለሁ። እንዲህ እያልኩ ሦስት ሳምንት ሠራሁ። መጀመሪያ አዲስ አበባ ላለ ለአንድ ትኬት ቆራጭ ደወልኩ። ትሑት ልጅ ነው፤ ግን የሚቸኩል። በአንድ ቀን የሚያልቅ፣ መሐል ላይ ስድስት ሰዓት ወንበር ላይ የሚያስጠብቅ፣ ለሁለት ትኬት የተከፈለ ጉዞ አወጣልኝ። ቢዝነስ ክላስ ነው እናቴ፣ ምን ትፈልጊያለሽ አለኝ። አውሮፕላኑ ምን ዓይነት ነው አልኩት። ሲያይ ቆይቶ ነገረኝ፤ አንተ ሸርተቴ ያልከው ነው። በማግስቱስ የሚበረው አልኩት። በማግስቱ የሚበረው ቀጥ ብሎ የሚዘረጋው ሆኖ ተገኘ። አንድ ቀን አዛወርነው። ቀጥዬ ሁሉም በአንድ ትኬት ይሁን፣ ባንኮክ ላይ ሦስት ቀን አሳርፈኝ፣ ኦሳካም ከምረቃው ሦስት ቀን ቀድሜ ልድረስ አልኩት። በመጨረሻ «እትዬ፣ እርስዎ ትኬት ቢሮ ሠርተው ያውቃሉ?» አለኝ። አንቺ ሲለኝ የነበረው ሰውዬ እርስዎ ሲለኝ በልቤ ሳቅሁ። ባለቤቴ ነው የሠራው አልኩት።

የቪዛውንና የክትባቱን ነገር አላስረዝምብህም። አዲስ አበባ እህትህ ዓለምነሽ ቤት ሆኜ ወረቀቱን ሁሉ ጨረስኩ። ቢጫ ካርዱ ላይ ስሜን የጻፈችው ነርስ ለምን እንደምሄድ ጠየቀችኝና ስነግራት ተነስታ አቀፈችኝ። ዓለምነሽ ደግሞ ከበረራው በፊት ያሉትን ሁለት ቀን ከአልጋ እንዳልወርድ ከለከለችኝ፤ ያንተን እልኸኝነት እሷም አላት።

እና ቦሌ። ከአውሮፕላኑ በር ስገባ አንዷ አስተናጋጅ የመሳፈሪያ ወረቀቴን አይታ በእጇ ወደ ግራ አመለከተችኝ። ሌላው ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። ይቤ፣ እንደ ሌባ ነው የገባሁት። ወንበሩን ሳየው የኛን ሳሎን አልጋ ያክላል። ቁጭ እንዳልኩ በትንሽ ሳሕን የተጠቀለለ ትኩስ ነጭ ነገር አመጡልኝ፤ ያኔ ነው ፍርሃቴ የለቀቀኝ። አንተ አየር መንገድ የጋበዘህ ጊዜ፣ በዕድሜህ አንዴ ብቻ በፊተኛው ክፍል ባንኮክ ደርሰህ ስትመጣ፣ ይህንኑ ፎጣ ምግብ መስሎህ በቢላ ልትቆርጠው መሞከርህን ለሠርገኛውም ለለቀስተኛውም ስታወራ ነው የኖርከው። ብቻዬን ሳቄ ፈነዳ። አስተናጋጇ ምን አሳቀሽ አለችኝ፤ ነገርኳት፤ ባልደረባዋን ጠርታ እንደገና አስወራችኝ። ከዚያ በኋላ እንግዳ አልሆንኩም።

ወንበሩን እሷው ዘረጋችልኝ። ቀጥ አለ። እንዳልከው ቀጥ አለ፤ አንድ ጣት እንኳ ዘመም አላለም። በጎኔ ተኛሁ፣ በጉልበቴ መሐል ትራስ አደረግሁ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሳልነቃ ተኛሁ። አንተን ከቀበርኩ ወዲህ ስድስት ሰዓት ተኝቼ አላውቅም። ስነቃ ከታች ባሕር ነበር፣ ፀሐይዋም ወጥታ ነበር፣ እግሬም አልተለበለበም። ባንኮክ ላይ በተሽከርካሪ ወንበር የሚቀበለኝ ሰው ቆሞ ጠበቀኝ፤ ባያስፈልግሽም እዘዢ ያልከኝን አዝዤ ነበርና። እኔ በእግሬ ሄድኩ። ወንበሩ ላይ ቦርሳዬ ተቀምጣ እንደ እመቤት ተገፋች።

ባንኮክን ቀስ ብዬ አየሁ። ወንዙ ዳር የሆነ ሆቴል ነበር የመረጥኩት፤ ጧት ጧት ጀልባዎቹ ሰው ጭነው ሲመላለሱ ቆሜ አይ ነበር። ሕዝቡ ጫማውን አውልቆ ቤተ መቅደስ ሲገባ እንደኛ ነው። ሙቀቱ ለወገቤ መድኃኒት ሆነልኝ፤ በሦስተኛው ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ተራመድኩ።

ፈተናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ኦሳካ የምበርበት ቀን አውሮፕላን ማረፊያው ደርሼ ሻንጣዬን ልሰጥ ስል፣ ካውንተሩ ላይ የነበረችው ልጅ አውሮፕላኑ ተበላሽቶ በሌላ መቀየሩን ነገረችኝ። አዲሱ ትንሽ ነው፤ የፊተኛው ወንበር አይዘረጋም። የሚዘረጋው የሚመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ልጅቷ ዛሬውኑ ብሄድ የተወሰነ ካሣ እንደሚመለስልኝ፣ በረራውም ስድስት ሰዓት የማይሞላ አጭር መሆኑን በትሕትና አስረዳችኝ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ሁሉም ያየኛል። ይቤ፣ ልሂድ ብዬ ነበር። አምስት ሰዓት ተኩልማ እችለዋለሁ፣ ጥርሴን ነክሼ እችለዋለሁ አልኩ። ልጄ ኦሳካ ላይ እየጠበቀችኝ ነው፤ ይኼኛው አምልጦኝ የሚቀጥለውም ቢበላሽስ?

ከዚያ ባዶዎቹን ቀናት አስታወስኩ። ሦስት ናቸው። ሁለቱን ባጠፋ አንዱ ይተርፈኛል። ወንበር ላይ ታጥፌ ብሄድ ግን ኦሳካ የምደርሰው ለሆስፒታል እንጂ ለምረቃ አይደለም። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ፣ ግን ቀና ብዬ፣ አልሄድም አልኳት። የገዛሁት አልጋ ነው፤ ወንበር አይደለም። ትኬቴ አንድ ነው፤ አልጋው እስኪመጣ ማደሪያዬ በእናንተ ነው አልኩ። ኃላፊዋን ጠራች። ኃላፊዋ ትኬቱን አየች፣ የሐኪሙን ወረቀት አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ በሁለት እጆቿ ወረቀቴን መልሳ ሰጠችኝና ይቅርታ ጠይቃ ሆቴሉን ጻፈችልኝ። ከሰልፉ ወጥቼ ጥግ ላይ ቆምኩና አለቀስኩ። ማልቀስ አትወድም፤ ይኼኛውን ግን ትወደው ነበር።

ለብሩኽቲ ደውዬ ነገርኳት። ኣደይ፣ ባትደርሺስ አለችኝ። እደርሳለሁ፣ አባትሽ ያሰበው መንገድ ነው አልኳት። ይህን ስላት ግን እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ሁለቱ ቀን እንደ ሁለት ወር ሄዱ። በሦስተኛው ጧት አውሮፕላኑ መጣ፤ ወንበሩም ተዘረጋ። ከምረቃው አንድ ቀን ቀድሜ ኦሳካ ገባሁ። በሩ ሲከፈት ልጄ ከብዙ ሰው መሐል እንደ ሕፃን እየዘለለች ታየችኝ። ቀጥ ብዬ መራመዴን ስታይ መዝለሏን ተወችና አፏን በእጇ ያዘች። የምትጠብቀው በወንበር ተገፍቼ እንድመጣ ነበር። ሮጣ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች፤ ቀስ በይ፣ ወገቤን እንዳትሰብሪኝ አልኳት፤ ሁለታችንም ሳቅን።

የምረቃው አዳራሽ ትንሽ ነበር፤ የክፍላቸው ሰዎች ብቻ። ጃፓኖች ዝም ማለት ያውቃሉ፤ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ይቅርታ ይጠይቃል። ከኋላ፣ ግድግዳ አጠገብ፣ ቆሜ እንዳይ ቦታ ሰጡኝ። ስም እየተጠራ ልጆቹ አንድ አንድ እያሉ ይወጣሉ። እኔ የልጄን ስም ብቻ ነበር የምጠብቀው። ሽማግሌው ፕሮፌሰር ወረቀቱን ቀና አድርገው፣ ሲለማመዱት እንደቆዩ በሚያስታውቅ ጥንቃቄ፣ ፊደል ፊደሉን እየለዩ «ብሩክታዊት ይበልጣል» አሉ።

ይበልጣል አሉ። ስምህን። ከመቐለ ሓድነት፣ ከመስኮቱ ዳር፣ ኦሳካ ድረስ ስምህ ተጠራ፤ ልጅህም ተነስታ ሄደች። ይህን አላሰብኩትም ነበር። ስንት ነገር ሳቅድ፣ የወንበሩን ዓይነት ሳይቀር ስመረምር፣ የልጅ ስም ሲጠራ የአባትም አብሮ እንደሚጠራ አንዴም ትዝ አላለኝም። ሳላውቀው እልልታዬ ወጣ። ሦስት ጊዜ። አዳራሹ ሙሉ ዞሮ አየኝ። አፈርኩ፤ ወደ ግድግዳው ተጠጋሁ። ፕሮፌሰሩ ግን ወረቀቱን አስቀምጠው ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ። ብሩኽቲ ከመድረኩ ላይ ሆና ስቃ አለቀሰች። ያን ቀን ሁለት ሰዓት ያህል በእግሬ ቆምኩ፤ ቁጭ ማለቱ ትዝ ያለኝ ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው።

ስመለስም በዚያው መንገድ፣ ባንኮክ አርፌ፣ አዲስ አበባ አርፌ ነው የመጣሁት። ልጃችን እዚያው ሥራ አግኝታለች፤ ለሁለት ዓመት ሠርታ ልትመለስ ነው የምታስበው። እዚህ የሚሠራ ቤት ብዙ ነው ትላለች።

ኣያ ገብረሂወት የምረቃውን ፎቶዎች ለሰንበቴ ማኅበሩ ሁሉ አሳይቶልኛል። ከእነሱ አንዱ በተመለስኩ በሦስተኛው ሳምንት ቢሮህን አንኳኳ፤ ሕንድ አገር ለሕክምና የሚሄድ፣ አንድ እግሩን ያጣ ሰው ነው። ከዚያ ሌሎች መጡ። ወጣት፣ ጤነኛ፣ የሚሮጥ ሰው በስልኩ ራሱ ትኬት ይቆርጣል፤ እኔ ጋ የሚመጡት መቀመጥ የማይችሉት፣ የሚያማቸው፣ ሩቅ ያለ ልጃቸውን ሳያዩ እንዳይሞቱ የሚፈሩት ናቸው። ከመጋረጃው ወዲያ ለመሄድ አቅሙ ላለው አልጋ የሚሆነውን አውሮፕላን እፈልግለታለሁ፤ ለሌለው ደግሞ በየመንገዱ ማረፊያ እየሰጠሁ፣ የሚዘረጋ ወንበር ባይኖር የሚያሳርፍ ቀን አዘጋጅለታለሁ። ባዶ ቀን ግን ለሁሉም እተዋለሁ። ፍራሼ ከጠረጴዛው ጎን ተነጥፏል፤ ደንበኞቼ እኔ ተጋድሜ ሳናግራቸው ለምደውታል። አንዳንዶቹ ጎኔ ይጋደማሉ።

ነገ ጧት ወይዘሮ ጽጌ ትሄዳለች። ቃላሚኖ አካባቢ የምትኖር፣ ዳሌዋ የተሰበረ ባልቴት ናት፤ ሴኡል ያለውን ልጇን ዘጠኝ ዓመት አላየችውም። አዲስ አበባ ሁለት ቀን፣ ባንኮክ ሦስት ቀን አሳርፌያታለሁ። እኔው እሸኛታለሁ። ትናንት በሥጋት እጄን ይዛ ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ አለችኝ፤ ባለቤቴ ይበልጣል ነው አልኳት፣ መሄጃ ባልነበረን ጊዜ።

ዝክርህን ባመቱ አልተውም፤ እሱ የቤተ ክርስቲያኑ ነው። የኔ ዝክር ግን ይኼ ነው፤ አንድ ሰው ተኝቶ ሩቅ አገር በደረሰ ቁጥር፣ አንዲት እናት የልጇ በር ላይ ቀጥ ብላ በቆመች ቁጥር አስብሃለሁ። እኔም እስክመጣ ድረስ፣ ሰው እያሳፈርኩ አስብሃለሁ።

ያንተው ለተብርሃን
ከሓድነት፣ መቐለ